ሦስተኛው ተውኔት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ጠዋት፣ ቢሮ።

ደግሞ እብድ። የተቀደደ ካፖርት፣ የተንጨባረረ ፀጉር፣ ከአፉ የማይጠፋ እውነት። በዚህ አገር መድረክ ላይ ጤነኛ ሰው እውነት ተናግሮ አያውቅም መሰለኝ። ዘጋሁት። ቀጣዩን ከፈትኩ። ጨለማ። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ «ማነህ?» ይላል። ሌላው «እኔ አንተ ነኝ» ይለዋል። መጋረጃ። ለዚህ ስንት ፓኮ ሲጋራ እንደተጨሰ እግዜር ይወቅ።

ትናንት ተናድጄ ስለነበር ምንም አልነገርኩህም፣ ማስታወሻዬ። አዲስ አበባ ላይ የአጫጭር ተውኔቶች መድረክ ሊዘጋጅ ነው። ከየአካባቢው ሦስት ተውኔት ይላካል። ደራሲዎቹ የዘመኑ ሰዎች ይሁኑ፣ ከየትም ይምጡ፤ ተዋንያኑ ግን የእኛው። ከጂንካ የሚሄዱትን የምመክረው እኔ ነኝ፤ ቴአትር ተምራለች ተብሎ። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ እዚህ ስመደብ አማርኛ አስተማሪ አደረጉኝ፣ ኋላ ወደ ባህል ሥራ አዛወሩኝ። ከተማው ግን አሁንም ቲቸር ጽጌ ነው የሚለኝ።

አቶ ኤርምያስ፣ የሥራ ሂደት ባለቤታችን፣ በር ላይ ቆመው ጠየቁ። ተገኘ ወይ? አልተገኘም። ፕሮሰሱ እንዳይዘገይ አሉ። የዚሁ አገር የአሪ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ደግ ሰው ናቸው። ቴአትር ባያዩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከምሳ በኋላ።

ሁለት ተገኘ! ደስ አለኝ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

አንደኛው፦ ሁለት እህትማማቾች የሞተች እናታቸውን ልብስ ይካፈላሉ። በቃ። እብድ የለም፣ ክብሪት የለም። ታናሽየዋ ሹራቡን አሽትታ መልሳ ታጥፈዋለች፤ ታላቅየዋ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ደራሲዋን ሰምቻት አላውቅም። ስህተት ፈለግኩላት፣ አጣሁ። ተናደድኩባት።

ሁለተኛው፦ ፀጉር ቤት። ሙሽራው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ መብራት ይጠፋል። ሚዜዎቹ ውጭ ጥሩንባ ይነፋሉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ፎቅ ላይ ያሉት ሰምተው ምን ሆነች አሉ።

አቶ ኤርምያስ አነበቡት። መልእክቱ ምንድን ነው? አሉ። ፀጉር፣ አልኳቸው። አልሳቁም። ሚዜዎቹ የያዙት ቢራ ለስላሳ ቢሆን ብለው ለመኑኝ። ይሁን። ሚሪንዳ ይጠጡ።

እሑድ፣ የካቲት 9። ከሰዓት።

ሦስተኛው ከሰማይ ወረደ። በአውሮፕላን።

ናሆም ይባላል። አ.አ. ውስጥ ስሙ የሚጠራ ወጣት ደራሲ። ያለ ሻርፕ አይታይም፤ ጂንካ ላይ፣ በዚህ ሙቀት። ኦሞ ዳር፣ ኮልቾ መንደር አራት ቀን ከርሞ «የወንዙ ዝምታ» የሚል ተውኔት ጽፏል። ከአዲስ አበባ ደውለው ለአቶ ኤርምያስ አደራ ብለዋል። እትዬ ጽጌ እያለ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ።

አነበብኩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ተመራማሪ ኦሞ ዳር ቆሞ ሩብ ሰዓት ስለራሱ ያወራል። ሽማግሌ አለ፤ ሰላምታ እንኳ በምሳሌያዊ አነጋገር ነው የሚሰጠው። ይህ ሰው ጨው ሲያልቅበት እንዴት ይጠይቅ ይሆን? ልጃገረድ ደግሞ አለች። ቅል ይዛ ቆማለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንድ ቃል የላትም። ለምን? አልኩት። ዝምታዋ ነው ቋንቋዋ፣ አለኝ።

አልመክርም። ነገሩ አለቀ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13። ቢሮ፣ ከሥራ መውጫ በፊት።

አላለቀም። አቶ ኤርምያስ አደራውን ፈርተው ቅዳሜ በሙከራ ይታይ አሉ። ባለቅሏን የምትጫወተው ዱካ ሆነች።

ዱካ እዚሁ ከእኛ ጋር ናት፣ ቱሪዝም ክፍል። ከሐመር፣ ዲመካ አካባቢ። እዚህ አዳሪ ሆና ስትማር አስተምሬያታለሁ። ክፍል ውስጥ ዳይሬክተሩን አስመስላ ስታወራ ዳይሬክተሩ ራሱ ተሸውዶ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ሞላች፣ መሬት አስተዳደር መደቧት። እንደ እዚህ አገር ሰው ሁሉ አንቺ ነው የምትለኝ። ናሆም አንቱ ይለኛል። የትኛው እንደሚያከብረኝ አውቃለሁ።

ልምምዱን አየሁ። ኮልቾ የካራ መንደር ነው፤ ልብሱ ግን የሐመር ቆዳ። ዱካ ለብሳ ቆመች። ናሆም ፊቷን እንደ ካራ በነጭ ቀለም ነጠብጣብ አድርጎላታል። በእረፍት ወደኔ መጣች። ቆዳው የእኛ ነው፣ ቀለሙ የእነሱ፣ ባለቅሏ የማንም አይደለችም፣ አለችኝ። ሳቅን።

ከዚያ ሳቄን አቆመችው። ተውኔቱን እንድመክረው ለመነችኝ።

«ቆሻሻ ነው፣ ዱካ።»

«አውቃለሁ ቲቸር። ግን አዲስ አበባ መድረክ ላይ መቆም እፈልጋለሁ።»

«እንደ ግንድ ቆመሽ?»

«አንቺ የምትንቂው ቦታ ደርሰሽ አይተሽው ነው። እኔ ገና አላየሁትም።»

ተናድጄ ወጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ እስከ ቤቴ ድረስ አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። አመሻሽ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሙከራው ነበር፣ ከተማው አዳራሽ። ሰው ሞልቷል፤ ጥበብ ፍለጋ አይደለም። ከሐመርና ከበና ጸማይ ወረዳዎች ለስብሰባ የመጡትን ከምሳ በኋላ የባህል ፕሮግራም አለ ብለው ነድተው አስገቧቸው። ከፊት ኃላፊዎች፣ ከፊታቸው ውሃ። ናሆም ሻርፑን አስተካክሎ ጥግ ቆመ።

ተመራማሪውን የሚጫወተው የኮሌጅ መምህር ነው። ጀመረ። ስለ ነፍሱ፣ ስለ ወንዙ፣ እንደገና ስለ ነፍሱ። ኋላ ያሉት ማዛጋት ጀመሩ። ዱካ ቅሏን ይዛ ቆማለች። መምህሩ ወደሷ ዞሮ «ዝምታሽ...» አለ። ጠፋበት። «ዝምታሽ...» አለ ደግሞ። ናሆም ከጥግ ያንሾካሹክለታል፣ አይሰማም። «ዝምታሽ...»

ዱካ ቅሉን መሬት አስቀመጠች። ቀስ ብላ። ወደ ሰዉ ዞራ በሐመርኛ ተናገረች።

አዳራሹ ከኋላ በኩል ፈነዳ። አንድ ሽማግሌ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ቀጠለች። ሳቁ ከአንድ ወገን መጥፋት ጀመረ፣ ከዚያ በሙሉ ጠፋ። ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንዴ በሁለት ጣቷ የራሷን አገጭ ይዛ ወደ ጎን አዞረችው። እዚያ ላይ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ጨረሰች። ቅሏን አነሳች። እንደገና ቆመች።

ፊት የተቀመጥነው ምንም አልገባንም። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሬ ሐመርኛ አልሰማም። ሌላውን ሁሉ እየናቅሁ ይህን የት ደብቄው ነበር?

አቶ ኤርምያስ ላብ በላብ ሆኑ። ስለ መንግሥት ነው እንዴ? አሉኝ። ናሆም ደግሞ ዓይኑ እያበራ ሮጦ መጣ፤ ይቆያል፣ ይህ ድምፅ ተውኔቱ ውስጥ ይቆያል አለ። ምን እንዳለች አልጠየቀም። እንዳይተረጎምም ለመነ። ትርጉም ይገድለዋል፣ አለ።

እሑድ፣ የካቲት 16። ከሰዓት።

ዱካ ቤቴ መጣች። ጂንስና ቲሸርት፤ ፊቷ ላይ የቀለም ርዝራዥ። ነገረችኝ።

መጀመሪያ ያለችው፦ «ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚጨርሰው? ቅሉ ባዶ ነው። ይህን ጊዜ ውሃ ቀድቼ በተመለስኩ ነበር።» የሳቁት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለችው ስለ ታላቅ እህቷ ነው። ዲመካ ገበያ ቆማ ሳለ አንድ ቱሪስት ፎቶ ሊያነሳት መጣ። ብርሃኑ አልመቸውም። ሳያናግራት አገጯን በጣቱ ይዞ ፊቷን አዞረው። አነሳ፣ ሄደ። ቤት ስትገባ እናታቸው ምን አለሽ? ብላ ጠየቀች። ምንም አላለኝም፣ አገጬን ነው ያዞረው፣ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ገበያ አልወጣችም። ዱካ ትንሽ ነበረች፤ እህቷ ከብት እንደሚገዛ ሰው አዞረኝ እያለች ለራሷ ስታወራ ትሰማት ነበር።

አስበሽበት ነው? አልኳት። አይደለም፣ አለች። መምህሩ ዝምታሽ፣ ዝምታሽ ሲል እህቴ መጣችብኝ።

ይህን ጻፊው አልኳት። ሦስተኛው ተውኔት ይህ ነው። በሐመርኛ ጻፊው፣ አማርኛውን አብረን እናወጣለን፤ ደራሲ ተብለሽ ትሄጃለሽ። ዘላ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጨለመ። የእህቴ ነው፣ የእኔ አይደለም፣ አለች። ትናንት አምልጦኝ ነው። ደግሜ ከተናገርኩት እኔም አገጯን አዞርኩት ማለት ነው።

እውነቷን ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17። ቢሮ፣ 10 ሰዓት።

ጠዋት ናሆም መጣ። ዱካን ይዞ መሄድ ይፈልጋል፣ «ከነድምጿ»። ትርጉሙን ነገርኩት፤ ስለ ቅሉ ያለችውን ብቻ። የእህቷ ታሪክ ለሱ አይነገርም። ቀላ። የተውኔቱ ዜማ ከዚህ ጋር አይሄድም፣ አለኝ። እንግዲያው ድምጿ ይቅር፣ እንደ በፊቱ ትቁም አለ። ዱካ በሩ ላይ ነበረች፤ ሰማች።

«አልቆምም» አለችው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

አዲስ አበባን እንዲህ በአንድ ቃል ተወችው። እኔ ለሱ ስንት ዓመት አልቅሻለሁ።

አቶ ኤርምያስ ጠሩኝ። ከአ.አ. አደራ ተብሏል፣ የናሆም ይግባ፣ አሉ። አይገባም አልኩ። ሦስት ነው የተባለው፣ አሉ። ትንሽ አሰቡ። ቅዳሜ ከኋላ የነበሩት እንዲያ የሳቁት፣ ኋላም ጸጥ ያሉት ለምንድን ነው? ብለው ጠየቁኝ። እሷን ይጠይቋት አልኳቸው። ሄደው ጠየቋት፤ ጠረጴዛዋ ጋ ወንበር ስበው። ምን እንደነገረቻቸው አላውቅም። ሲመለሱ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። ነገ ለሥራ ወደ ቱርሚ የሚወርድ መኪና አለ፣ ዲመካ ያደርሳችኋል፣ አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ስለሚሪንዳው ይቅር ብያቸዋለሁ።

ነገ ማክሰኞ ነው፣ የዲመካ ገበያ። እህትየዋ አሁን ማር ይዛ ትወጣለች ትላለች ዱካ። ታሪኳን ዱካ መድረክ ላይ ብትናገረው ትፈቅድ እንደሆነ እንጠይቃታለን። ዱካ ትናገራለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ አንድ ቃል ሳይገባኝ እጠብቃለሁ።

እሺ ካለች ሦስት እንልካለን። እምቢ ካለች ሁለት እንልካለን፤ ቦታው ባዶ ይሂድ።

«የወንዙ ዝምታ»ን አልመከርኩም። ፈርሜ አቶ ኤርምያስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ።