ባለ ፍርግርጉ መኪና

ልጄ ፍሬገነት፣ የጌታ ሰላም ኖርዌይ ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ጆሃንስበርግ አለን፤ ደክሞናል እንጂ ደህና ነን። አባትሽን ኮሮናው ከለቀቀው ወዲህ ሐኪሙ ዕረፍትና ንጹሕ አየር አዞለታል። እሱም፣ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ መኪና ገዝተን ቀስ እያልን ኬፕታውን እንውረድ ይላል።

ትናንት ሁለት አየን። አንዱ መስኮቱ ሰፊ፣ ሳሎን የመሰለ ነው። ሌላው ጣሪያው ያፈሳል፤ መስኮቱ ግን በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። አባትሽ የቱን ቢመርጥ ጥሩ ነው? ባለ ፍርግርጉን!

«አንተ ሰው፣ ሽርሽር ነው ወይስ ሱቅ ልንከፍት ነው?» አልኩት።

«አስካለች፣ ያለ ብረት እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ።

አሥራ አራት ዓመት ሌባ ፈርቶ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ ተቆልፎበት ያደረን ሰው ምን ልበለው? አንቺን ይሰማሻል፤ እባክሽ ደውለሽ ባለ ሰፊ መስኮቱን አስመርጪልኝ። እኔም እንደ እሱ ተቆልፎብኝ ነው የኖርኩት። ማስክሽን አትርሺ። ያንቺን መስኮት ጌታ ራሱ ይጠብቀው።

እናትሽ