ባለ ሁለት ማብሪያው ኮምቢ

ሰኞ፣ ኅዳር 5

በራ! ሁለት አምፖል፣ አሥር ክንድ ሽቦ፣ የተቃጠሉ ሦስት ፊውዞች፣ አንድ የተላጠ አውራ ጣት። ቅዳሜ ሁለቱን ማብሪያዎች በአንድ መስመር ቀጥዬ፣ አንዱ ካልተከፈተ ሌላው አልሠራም ብሎኝ ነበር። ለካ ባለ ሦስት እግር ማብሪያ ነው የሚፈልገው። አሁን ከበሩ ያበራሁትን ከአልጋው ራስጌ አጠፋዋለሁ፣ ከራስጌ ያበራሁትን ከበሩ። እንደ ልጅ ሃያ ጊዜ ተመላለስኩ።

ኮምቢ መኪናው የሙሉጌታ ነው፣ የእህቴ ልጅ የጽጌ ባል። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ከነአልጋው ገዝቶ ጋራዤ ውስጥ አቆመው። «ጋሼ፣ ተኝቼ የማጠፋው መብራት አብጅልኝ፤ ጽጌን ላንጋኖ እወስዳታለሁ» ባለኝ በሦስተኛው ቀን ታጣቂዎች መጥተው እሱን ወሰዱት። ሁለት ወር ሆነው። ጽጌ እኔ ጋ ናት፣ በየጠዋቱ እስር ቤት ስንቅ ታደርስለታለች። ሲፈታ ይህን ያያል።

ቆለፍኩት። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ኪሴ ውስጥ፣ ሌላው ሲወስዱት ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ

ከፋብሪካ ስመለስ ጋራዡ ጨለማ ውስጥ የኮምቢው መጋረጃ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። በርቷል። የበሩ ማብሪያ ጫፉ እንደተውኩት ወደ ላይ ነው። እንግዲያው የተነካው የራስጌው ነው። እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ካልወጡ እጅ አይደርስበትም።

ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ አሰርኩ። ጤነኛ ነው።

ለጽጌ ነገርኳት። «አንተው ነህ እንግዲህ! ባለፈው ፋሲካ ዶሮዬን ኮፍያ ያለበሰው ማን ነው?» ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ

አሁንም በርቷል። ትራሱ መሐሉ ጎድጉዷል። የሽሮ ሽታ አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስደነግጥ ኖሬ የገዛ አምፖሌ አስደነገጠኝ። ብናገር ማን ያምነኛል?

ጽጌ የስንቁ ሳህን ባዶውን እንደተመለሰ ነገረችኝ። በልቷል። ይህቺ እንኳ ደግ ወሬ ናት።

ሐሙስ

ጠዋት ጋራዡ ደጃፍ ላይ አመድ ነስንሼ ወጣሁ። ስመለስ የወንድ ጫማ ዱካ አለበት። ተረከዙ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ብረት፣ ሦስት ሚስማር፣ አንዱ ጠማማ። ጠማማውን የመታሁት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ፈረስ መሰልኩህ እንዴ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። የተወሰደው ያንኑ ጫማ አድርጎ ነው።

አምልጦ ይሆን? ለጽጌ አልነገርኳትም፤ በደስታ ብትጮህ ከአጥሩ ማዶ የቀበሌው ጥበቃ አለ። ዳቦና ሲጋራ ትራሱ ሥር ሸጎጥኩ። ነገ አሞኛል ብዬ በጊዜ እመለሳለሁ።

ዓርብ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። በርቷል።

«ሙሌ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

ቀጭ አለና ጠፋ። በሩን ከፍቼ አበራሁት። ጠፋ። አበራሁት።

አልጋው ላይ ጽጌ ተቀምጣለች። የሙሉጌታን ኮት ለብሳ፣ ጫማውን አድርጋ፣ ዳቦዬን ታቅፋ።

«ቅዳሜ ነው ልብሱን ጠቅልለው የሰጡኝ» አለች። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ፣ ካለቀስሽ አንቺም ትከተይዋለሽ አሉኝ።» ቁልፉ ከኮቱ ኪስ አልወጣም ነበር።

ስንቁን እዚህ ፊቷ አስቀምጣው ትቆይና ለነዳያን ትሰጠዋለች። መብራቱን የምትተወው ጨለማ ስለማይወድ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሽቦውን ስትዘረጋ እየዘፈንክ ነበር፣ ጋሼ። እንዴት ልንገርህ?»

የሆነች ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። መዶሻዬን ይዤ ወረድኩና የኮምቢውን የፊት መከላከያ መምታት ጀመርኩ። «በይ አሁን አልቅሺ» አልኳት። ጮኸች። ሲብስባት እኔም ምቱን አበረታሁ።

ጥበቃው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ጋሽ ታዬ፣ ገደልከው እኮ!»

«ተጣሞብኝ ነው! እስኪቃና ድረስ ዛሬ ሰላም የለህም!» አልኩት። ሳቀና ገባ።

እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠቀጥኩ። ከዚያ ዝም አለች፣ መብራቱም ከራስጌው ጠፋ። ተኝታ ይሆናል። ከበሩ አላበራሁትም። መዶሻውን ግን ለነገ እዚያው ትቼዋለሁ።