ገና በሃያ ስምንት የዋለበት ዓመት

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ እጽፋለሁ። ዛሬም ዴር ሡልጣን ደርሰን መጣን፣ ደብተሬ። በእግር። ሦስቱ ልጆች፣ እናታቸው ዘነበች፣ እኔ። የወንድሜ ሚስት ናት፤ ታክሲ የሚባል ነገር ያለ አይመስላትም። የአራት ዓመቷ ቃልኪዳን እንኳ አላማረረችም። ያማረርኩት እኔ ብቻ።

በጾመ ነቢያት ቅዳሜ ቅዳሜ የቤታቸው ወግ ነው። ከኢትዮጵያ መንገድ ይወጣሉ፣ የሃነቪኢምን ጎዳና ቁልቁል ይወርዳሉ፣ በደማስቆ በር ይገባሉ፣ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳሉት መነኮሳት ይወጣሉ። እዚያ ዓይናቸው የደከመ አንድ አባት አሉ። ልጆቹ በተራ ያነቡላቸዋል። ወለላ (9 ዓመቷ) ዳዊት በግዕዝ። ናትናኤል (6) ከማንበቢያው ስለ ዶሮ። ቃልኪዳን ማንበብ ስለማትችል ሀ ሁ ትላለች። አባ ሁሉንም እኩል ያዳምጣሉ። የዶሮውንም ታሪክ በአሜን ዘጉት።

ወለላ አንድ ቃል ሳተች። አባ አላረሟትም፤ ጠበቁ። ራሷ ተመልሳ አስተካከለችው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንድ መዝሙር ሳልሳሳት አልወጣም። ቀናሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

ከሥራ ገባሁ። (ሥራዬ ሃነቪኢም ላይ አንዲት አሮጊት መጦር፤ እዚህ ሜታፔሌት ይሉኛል። ከቀኑ 8 ሰ. እለቃለሁ።) ዘነበችና ልጆቹ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ፤ የሚሰጣውን በግዕዝ ይቆጥራሉ። ስልክ ጮኸ። አነሣሁ። ዕብራይስጥ።

ከትምህርት ጽ/ቤት ነው። ተቆጣጣሪ። አዲስ ናት፣ ድምጿ የለሰለሰ። የልጆቹን ትምህርት መጥታ ልታይ ትፈልጋለች። ቤት የሚማሩበት ፈቃድ (ኢሹር የሚሉት) በጃንዋሪ መጨረሻ ያበቃል። ካላደሰችው ሦስቱም ት/ቤት መግባት አለባቸው። ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ፣ ይመቻችኋል? አለች።

የፈረንጅ ቀን ለእኔ ጨለማ ነው። ግድግዳውን አየሁ። ዘነበች በየዓመቱ ከልጆቹ ጋር የምትሠራው የጾም ሰሌዳ እዚያ ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን፤ የእኛ ቁጥር በቀይ፣ የፈረንጁ በሰማያዊ። ልጆቹ የዋሉበትን ይስሉበታል። ገና የሚውልበት ብቻ ምልክት የለውም፤ ወለላ በባሕረ ሐሳብ አስልታ እስክታገኘው ይጠበቃል። ሰማያዊ 7 ላይ ቀዩ 28 ይላል። ገና 29 ነው። እንግዲያው ዋዜማው ነዋ፣ ጸጥ ያለ ቀን። ይመቸናል አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን እንደ ጸሐፊ ቆጠርኩት። ዘነበችን የገናን ዋዜማ ያዝኩልሽ፣ በአራት ሰዓት ትመጣለች አልኳት። አመሰገነችኝ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቃት ልጻፍ። የዛሬ ሦስት ዓመት ወለላ አንድ ዓመት ት/ቤት ገብታ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ እናቷን በአማርኛ መመለስ ተወች። ጎንደር ያሉት አያቷ ሲደውሉ ስልኩን ለእናቷ ትሰጥና ትሄዳለች። ዘነበች ጎንደር ስምንት ዓመት አስተምራለች። ልጇን አስወጥታ ቤት አስቀመጠቻት። እኔ ያኔ አገር ቤት ሆኜ ወንድሜን ይርጋን፣ ሚስትህ አብዳለች ብዬ ጽፌለት ነበር። መጥቼ አብሬ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ። አሁን አፌን ይዤ ነው የማያቸው።

ታኅሣሥ 10፣ ቅዳሜ ምሽት

አይሁዶቹ የመብራት በዓላቸውን ይዘዋል። ሁለተኛ ምሽት። ይህም ለዘነበች ትምህርት ነው። ልጆቹን ይዛ ሰፈሩን ትዞራለች፤ በየመስኮቱ ሦስት ሦስት መብራት በርቷል። ናትናኤል ዐሥራ አራት መስኮት ቆጠረ፤ ቆመ፣ በጣቱ ደመረ፣ አርባ ሁለት መብራት አለ። ይርጋ ለቧንቧ ሥራ ሒሳብ የሚጽፍልኝ ሰው ተገኘ ብሎ ትከሻው ላይ አወጣው።

ፎቅ ላይ ያሉት ወ/ሮ ሪቭካ እንደየዓመቱ ሱፍጋንያ ይዘው ወረዱ፣ በዘይት የተጠበሰውን ጣፋጭ ዳቦ። ውስጡ እንቁላል፣ ወተት። እኛ በጾም ላይ ነን። ሌላ ቤት ቢሆን ይመለስ ነበር። የዘነበች ሕግ ግን ሌላ ነው። ስጦታ አይመለስም፣ ጾምም አይፈርስም። ተቀብለው፣ በሁለት እጅ፣ አመስግነው፣ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ይከቱታል። ገና ዕለት ይሞቃል። ትንንሾቹ ቢፈልጉ ዛሬውኑ መብላት ይችላሉ፤ ታላቃቸውን አይተው እነሱም ከተቱ።

ወለላ ዘንድሮ ነው መጾም የጀመረችው። ስኳሩ ጣቷ ላይ ቀረ። አየችው። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። እኔ ብሆን እልስ ነበር።

ታኅሣሥ 13፣ ማክሰኞ

ጉድ ሠራሁ። ምን እንደሆነ ልንገርህ።

ወለላ ዛሬ ገናን አሰላች። ግቢው ድንጋይ ላይ፣ በጠመኔ። 5500 እና 1996። ደመረች። ለአራት አካፈለች። ቀሪ የለም። ዘመኑ ዮሐንስ ነው አለች። በዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት ይውላል።

ሳቅኩባት። ገና ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ከመወለድሽ በፊትም ሃያ ዘጠኝ ነበር አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ ግን ሳትለቅ፣ ጳጉሜን አምና ስድስት ነበረች፣ ያቺ አንድ ቀን ናት የገፋችን አለችኝ። ጾሙንም እኮ ኅዳር ዐሥራ አራት ነው የጀመርነው፣ ለዚህ ነው። እኔ ጾም የምይዘው ድስቱን እያየሁ እንጂ ቀን ቆጥሬ አይደለም። ዘነበች ልብስ ታጥፋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ አትገባም። ልጇ ታላቅን ሳታዋርድ እንድትረታ ትታታለች። ይህንን ስንቱ አስተማሪ ያውቃል?

ተረታሁ። ወለላ ቀለሟን ይዛ ግድግዳው ዘንድ ሄደች። ቀይ 28ን በአረንጓዴና በቢጫ ከበበችው። ከሥሩ ሰማያዊ 7።

ተቆጣጣሪዋን ለገና ዕለት ነው የቀጠርኳት። ቅዳሴ ባደርንበት፣ ቤቱ በእንግዳ በሚሞላበት ቀን። ዘነበች ደግሞ ዋዜማ ስላልኳት በሃያ ሰባት ትጠብቃታለች።

አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 15፣ ሐሙስ

ከአሮጊቷ ቤት ደወልኩ። ቀኑ ይቀየርልን አልኩ። ስልክ የያዘችው ልጅ ከፋሲካቸው በፊት ባዶ ቀን የለም አለች። ያኔ ፈቃዱ ካበቃ ሁለት ወር ያልፋል። ዘጋሁ። አሮጊቷ ምን ሆነሽ አሉኝ። ጥርሴን አልኩ።

ቤት ስገባ ዘነበች ደብተር ትደረድራለች። የሦስት ዓመት ደብተር፣ በየስሙ፣ ጀርባው በካኪ ወረቀት የተለበጠ። ቃልኪዳን የመጀመሪያ ሀ ብላ የጻፈችበት ቁራጭ እንኳ አልጠፋም። ለሃያ ሰባት ይደርሳል እትዬ፣ አለችኝ። እራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ሰኞ፣ ገብርኤል

ነገርኳት። ከቤ/ክ ስንመለስ፣ ደረጃው ላይ። ልጆቹ ቀድመውን ገብተዋል። ሳልጀምር አለቀስኩ፤ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች።

ሰምታ ስትጨርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኛልም። በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ? አለች። በአራት። ቅዳሴው ሌሊት ይወጣል፣ ትንሽ ይተኛሉ፣ በአራት ንቁ ናቸው አለች። ለራሷ ነው የምትናገረው። እንግዶቹንስ? አልኩ። ማንንም አልመልስም አለች። ደብተሮቹን ካልጋው ሥር ትከታቸዋለች፤ ሴትዮዋ ከፈለገች ትጠይቃለች፣ ካልፈለገች ልጆቹን ታያለች። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፣ ገባች።

በእሷ ቦታ ብሆን ይህን ደረጃ በእኔ ላይ እገለብጠው ነበር። ይርጋ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። በዚህ ከተማ የታክሲ ሾፌር ሁሉ የሐበሻ ገና ጃንዋሪ ሰባት እንደሆነ ያውቃል፣ እህቴ ብቻ ቀረች አለ። ይሳቅ።

ታኅሣሥ 27፣ ማክሰኞ፣ ዋዜማ

በጥድፊያ። ይርጋ ከተገረዘ ወይራ የገና ዱላ ጠርቦላቸዋል፣ ሦስት፣ በየቁመታቸው። ዶሮው ተገነጣጥሎ ዐሥራ ሁለት ብልት ሆነ። ናትናኤል እያንዳንዱን ብልት በስሙ ይጠራል፣ የት እንደነበረ በራሱ ገላ ላይ ያሳያል። መላላጫው ላይ ተቸገረ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘነበች ረጋ ብላለች። ሽንኩርቱን ስታማስል ግን ማማሰያው ሁለቴ ከእጇ ወደቀ።

ታኅሣሥ 28፣ ረቡዕ፣ ገና

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ቤቱ ሞልቷል። የጎረቤቶቻችን ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ፣ የወለላ እኩዮች፣ ት/ቤት የሚሄዱ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ክፍላቸው ያወራሉ፤ ስለ ጉዞ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ ግማሹ በዕብራይስጥ። ወለላ ዱላዋን ይዛ ቆማ ትሰማለች። መጫወቱን ትታለች። አየኋት።

በአራት ሰዓት ሴትዮዋ ገባች። በሩን ስታልፍ የገና ጨዋታው ኳስ እግሯ ሥር ደረሰ። ናትናኤል ይቅርታ ጠይቆ፣ ሕጉን አስረድቶ፣ ዱላ ሰጣት። መታች። ሳተች። ከዚያ በኋላ ቤቱ የእሷም ሆነ። ከዶሮው ብልት ትምህርት ተሰጣት። ቃልኪዳን ጭኗ ላይ ተቀምጣ ሀ ሁን ወጣችው። ወለላ ሴትዮዋን የተወለደችበትን ቀን ጠይቃ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችላት፣ በጠመኔ፣ ወለሉ ላይ። የወ/ሮ ሪቭካ ሱፍጋንያ ሞቆ ቀረበላት፤ ከየት እንደመጣ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ደብተሮቹን አልጠየቀችም።

ወረቀት አወጣች። ለሦስቱም ፈቅጃለሁ አለች። ሦስት ምልክት። የዘነበችን ፊት ብታየው፣ ደብተሬ። ሦስት ዓመት ከላይዋ የወረደ ይመስል ነበር።

ከዚያ ለታላቋ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል አለች። ወለላ፣ የምትፈልጊው ሌላ ነገር አለ?

ወለላ ዕብራይስጥ አሳምራ ትናገራለች። ግን ወደ እናቷ ዞረች፣ በአማርኛ፦

«እማዬ፣ ካንቺ ጋ መማር እወዳለሁ። ግን ትምህርት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ። ጓደኛ እፈልጋለሁ። አማርኛዬን አልጥለውም።»

ምን አለች? አለች ሴትዮዋ፣ ብዕሯን ይዛ።

ይርጋ ከእንግዶቹና ከቀሩት ልጆች ጋር ውጪ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የምናውቅ ዘነበች፣ እኔ፣ ወለላ። የእኔ ዕብራይስጥ የወጥ ቤት ነው። ልጅቷ እናቷ ብታጣምመው ዝም ትል ነበር፤ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገቻት። ሁሉ ደህና ነው ትላለች ማለት ይቻል ነበር። እኔ እል ነበር። እምላለሁ እል ነበር።

ዘነበች ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ቃል በቃል ተረጎመችው። ጓደኛ ያለችውንም። አንድም አላስቀረችም።

ሴትዮዋ ብዕሯን ከደነች። ፈቃዱ ይጸናል፣ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው ብላ ወረቀቱን ትታ ሄደች። ዘነበች ለእንግዶቹ ወጥ ጨመረች።

ታኅሣሥ 29፣ ሐሙስ

ወለላ እናቷን ተከትላ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። ዘነበች አልተኮሳተረችባትም። ጠዋት እንደወትሮው በሦስት ሰዓት ጠረጴዛው ተዘረጋ፣ ሦስቱም ተቀመጡ።

ማድ ቤት አገኘኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ በሌላ ቀን ብትመጣ እነዚያ ልጆች አይኖሩም ነበር፣ ወለላም እንዲያ አትልም ነበር። እጇን ከውኃው አወጣች።

«ቀኑ አይደለም እትዬ። ጥያቄው ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሳስተምራት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

ሳሕኖቹን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ። ይህቺን ሴት አብዳለች ብዬ የጻፍኩበትን ደብዳቤ ይርጋ ጥሎት ይሆን?

ጥር 1፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ተወሰነ። ትናንት ከይርጋ ጋር ሲመካከሩ አመሹ፤ ዛሬ ወለላን መሀላቸው አስቀምጠው ነገሯት። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ት/ቤት ትገባለች፣ ያው ያኔ የወጣችበት። ናትናኤልና ቃልኪዳን ቤት ይቀጥላሉ። ወለላ የእናቷን ጉልበት አቀፈች። ዘነበች ፀጉሯን ትፈታላት ጀመር፣ ሳያስፈልግ፣ አዲስ ሹሩባ እኮ ነው።

ከባድ እንደሚሆንባት አውቃለሁ። በር ላይ ቆማ ልጇ ስትገባ ማየት፣ እዚያው በር ላይ። ስለዚህ አልኳት፣ ለሥራ ስወጣ መንገዴ ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን እኔ ልውሰዳት። አንቺ ከትንንሾቹ ጋር ቅሪ።

የቃልኪዳንን ጫማ እያሰረች ነው። ቀና አላለችም።

«አይሆንም፣ እትዬ። ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ የማስገባትም እኔ ነኝ።»

ት/ቤት የምትገባበትን ቀን እዚህ ልያዘው፦ ጥር 12፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። በፈረንጁ ጃንዋሪ 21፤ ይህን ወለላን ጠይቄ ነው የጻፍኩት።