ወደ ዳላስ የማይላክ መጋዝ

ሴንት ፖል፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አለልኝ፣ የዳላስ ሙቀት እስካሁን አቅልጦህ ካልሆነ፤

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቅር ይበልህ። እማዬም ደህና ናት። ጽሕፈቴን አይተህ «ዶሮ የጫረችው» እንደምትል አውቃለሁ። ከአራተኛ ክፍል አንሥተህ አውሮፕላን ያሳፈርከኝ አንተ ነህ፤ ዶሮዋን ተዋት።

ለእማዬ ደውለህ «መጋዜን በፖስታ ላኪልኝ፤ ያ ባለጌ እጁን እንዳያሳርፍበት» ስትል ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ባለጌው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ መልሱን ከራሱ ስማ።

ቼይንሶ የሚሉት የሞተር መጋዝ ያለህ አንተ ብቻ አይምሰልህ። እኔ ጋራዡን ሞልቼዋለሁ፤ እማዬ መኪናዋን ደጅ የምታቆመው በኔ ምክንያት ነው። «የሰው ልጅ ሚስት ያመጣል፣ የኔው ጥርስ ያለው ብረት ይለቅማል» ትላለች። «እነዚህ ሲያጠፏቸው ዝም ይላሉ» አልኳት። በማማሰያ አባረረችኝ።

አጀማመሬን ልንገርህ። የመጀመሪያዋን ሪችፊልድ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ በሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ላይ አገኘኋት። ሽማግሌው ፈረንጅ ሰንሰለቷን ፈትቶ በላስቲክ ሰጠኝ። ቤት አምጥቼ ገጠምኩና ግንድ ላይ አሳረፍኳት። ጮኸች፣ ጨሰች፣ እንጨቱን አጠቆረችው እንጂ አልቆረጠችም። ጭሱን አውቀዋለሁ! አጥፍቼ ጥርሶቿን ሳይ ወደ ኋላ ዞረዋል፤ ሰንሰለቱን በግልባጭ ገጥሜዋለሁ። አዙሬ ብገጥመው ግንዱን እንደ ጎመን ከተፈችው።

አሁን አንተም አስታውስ። ያለፈው ደመራ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሽማግሌዎቹ ከበውሃል። «ዞር በሉ፣ ይሄ ሙያ ይጠይቃል» ብለህ የመጋዝህን ማስነሻ ገመድ ሳብክ። ሙያው ጨሰ። አቶ ጎይትኦም «አለልኝ፣ ደመራው ሳይለኮስ ጨሰ እንዴ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን ወደኔ ዞረህ «ይሄ ባለጌ ነካክቶታል!» አልክና በሰው ፊት በጥፊ አጋልከኝ። ማን ይጠራጠር? የዲያቆኑ ሻይ ውስጥ ጨው የጨመርኩ ልጅ ነኛ! መጋዙን ግን አልነካሁም። በዚያው ጠዋት አዲሱን ሰንሰለት የገጠምከው ራስህ ነህ፤ ልይ ብዬ ብጠጋ «ሂድ ከዚህ» ብለኸኛል።

ከዚያ ከእማዬ ጋር ተጣልተህ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ዳላስ ገባህ። ለኔ ከጥፊው በኋላ አንድ ቃል የለህም። ቴክስት እንኳ።

ያንተ መጋዝ አልጋዬ ስር ነው። ሰንሰለቱን አዙሬዋለሁ። ጥርሱን በሞረድ ስዬዋለሁ። ቤንዚኑን አፍስሼ በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ እማዬ አሽትታ «ካንተ ካልሲ ይሻላል» ብላለች። አስነሥቼው ግን አላውቅም። ጓደኛዬ ሙሊሳ «አንዴ ልሞክረው» ቢለኝ ልንደባደብ ነበር።

የመጪውን ደመራ እንጨት የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አግኝተውኝ ነው የጠየቁኝ። አቶ ጎይትኦም «የአባትህን መጋዝ ይዘህ እንዳትመጣ!» ሲሉ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። በሰው መሳቅ የኔ ሥራ ነበር፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

መጋዝህን ልልክልህ ፈልጌ ነበር። ፖስታ ቤት ግን ቤንዚን የሸተተ ነገር አንቀበልም አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው። ከፈለግከው ለመስቀል መጥተህ በእጅህ ውሰድ። ግን መጀመሪያ ቤንዚን ልሙላልህና ሽማግሌዎቹ ፊት ገመዱን ሳበው። ይነሣል። ይቆርጣል። ያኔ «ማን ነካካው?» ሲሉህ፣ ጥፊውን ያሳረፍክበት ቦታ ላይ ቆመህ ስሜን ጮክ ብለህ ጥራ።

እግዜር ጤና ይስጥህ። በተለይ ለትከሻህ፤ ገመዱ ጠንካራ ነው።

ያው ባለጌው፣
አቤኔዘር አለልኝ