ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ስለ እትዬ አተላ ክምር እጅ ነስቻለሁ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ፣ በተለይም እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል ተኝቶ ከመታከም እንዲሰውርዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በዚሁ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ የሠራተኞችን ሻይ ክፍል ትይዝ የነበረችው ሴት ባል ነኝ። ማን እንደሆነች ካልመጣልዎ፣ ወጣቶቹ ሐኪሞች «እትዬ አተላ» እያሉ የሚስቁባት እሷ ናት። በግልጽ መጻፌ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ፤ ቀደም ሲል በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ጠፍተው ነው እንዳልል ደግሞ መዝጋቢውን ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልናገር። ከሻይ ክፍሉ ጀርባ ያለው ቦታ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሕንፃ ፍርስራሽ የተደፋበት፣ አረም እንኳ የተጸየፈው መሬት ነበር። ባለቤቴ በየቀኑ የሚወጣውን የቡና አተላና የተፈላ የሻይ ቅጠል መጣሉ አሳዝኗት፣ በባልዲ እያጠራቀመች እዚያ ትከምረው ጀመር። አተላ ብቻውን ከተከመረ እንደ ቅርፊት ደርቆ ውኃ አያሳልፍምና፣ በአንድ ባልዲ አተላ ላይ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ታለብሳለች፤ የሻይ ከረጢቱን አንድ በአንድ ቀድዳ ክሩንና ትንሿን ሽቦ ትለቅማለች፤ ስኳር የነካውን ጉንዳን እንዳይጠራ ታጥባለች። በሁለተኛው ዓመት ክምሩ ጥቁር አፈር ሆኖ ትል ተርመሰመሰበት። በሦስተኛው ጎመን፣ ቲማቲምና ካሮት በቀለ። ያንን ሁሉ ቀቅላ ትወስድ የነበረው ጠያቂ ለሌላቸው ሕሙማን ነው።

ከነዚህ አንዱ በመኪና አደጋ ሁለት እግሩ የተሰበረ ሾፌር ነበር። ሰባት ወር ሲተኛ አንድ ዘመድ አልመጣለትም። በክራንች መሄድ ሲጀምር ያደረጋት የመጀመሪያ ጉዞ ከአልጋው እስከ ቲማቲሙ ነበረች፤ ደርሶም «እማማ፣ እንግዲህ ውኃ ማጠጣቱ የኔ ሥራ ነው» አላት። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ገብታ እራት መብላት አቅቷት ነበር፣ ከደስታ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ በመጡ በሁለተኛ ወርዎ ክምሩን «ለጤና ጠንቅ የሆነ፣ ሽታ የሚያመነጭ ሕገ ወጥ ቆሻሻ» ብለው በደብዳቤ ስለ ሰየሙልን አመሰግናለሁ። ሽታው ከመስኮትዎ ሥር ከተሰበረው የፍሳሽ ክዳን እንደሚመጣ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴም ይህን ለማስረዳት ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግና ብትቀርብዎ፣ «ሴትዮ፣ እኔ እዚህ አፈር ላሸት አልመጣሁም» ብለው እጅዎን ኪስዎ ከተቱ። ቢያሸቱት ዝናብ የጠጣ መሬት ይሸትዎ ነበር። ግን ለምን ይድከሙ!

ሁለተኛ፤ ከዚያ ወዲያ አተላው ሁሉ በዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ እንዲደፋ ስላዘዙ እግዜር ይስጥልኝ። «ጌታዬ፣ አተላ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ ይዘጋዋል» ብትልዎ፣ «ትእዛዝ ነው» አሉ። ትእዛዙ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ቧንቧው ሞልቶ ጥቁር ውኃ በቀዶ ሕክምናው ኮሪደር ተንጣለለ። ሾፌሩ በዚያ ሰዓት በክራንቹ ወደ አትክልቱ እየወጣ ነበር። ተንሸራተተ። ቀኝ እግሩ በዚያው በዳነበት ቦታ ተሰበረ።

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ደረሰችና፣ ውኃው ላይ ተቀምጣ ራሱን እቅፏ ውስጥ አደረገች። እሱ እሷን ያጽናና ነበር ብለው ነርሶቹ ነግረውኛል። በማግሥቱ የደረሳት «በግዴለሽነት የሆስፒታሉን የፍሳሽ መስመር በመዝጋት» የሚል የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ፊርማዎ እጅግ ያምራል።

ሦስተኛ፤ ክምሩ «በአስቸኳይ እንዲወገድ» ባዘዙት መሠረት በሆስፒታሉ መኪና ተጭኖ ተወግዷል። የተወገደው ወደ መኖሪያ ቤትዎ የጽጌረዳ አትክልት ነው። በእኛ ግቢ ለጤና ጠንቅ የነበረው፣ የእርስዎን አጥር ሲሻገር መዳኑ የሕክምና ተአምር ስለሆነ፣ ሐኪሞቹ ቢያጠኑት እላለሁ።

ሌላም ነበረኝ፤ በጎመኑ መደብ ላይ ሲሚንቶ ስለ መፍሰሱ። ተውኩት።

ባለቤቴ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወረች፤ ከወር በኋላ መልቀቂያ አስገባች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ በተረቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ ያለ ጥርጥር ታውቆኛል። ዛሬ እሷ በጥየቃ ሰዓት እንደ ማንኛውም ሰው በር ላይ ተሰልፋ፣ ከገበያ በተገዛ ቲማቲም የሠራችውን ለሾፌሩ ይዛ ትገባለች። ዘበኛው ለደንቡ «የታማሚው ምኑ ነሽ?» ሲላት «እናቱ ነኝ» ትላለች። እሱም አሥራ አንድ ዓመት የሚያውቃት ሰው ነውና ያሳልፋታል።

ስለዚህ የምለምንዎ ክምሩን አይደለም። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሯ ይነሣ፤ በሾፌሩ ካርድ ላይም የወደቀው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ይጻፍ። ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ሰው አልፎ ወረቀት እንደሚቀር አውቃለሁ።

ለሰጡን ጊዜ፣ ላልሰጡን መልስ፣ ላልሰሙት ምክር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ሹመትዎ እንዲዳብር፣ ወንበርዎም እንዲረጋ የምመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የእትዬ አተላ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፈው ቅዳሜ አትክልተኛዎ ቤታችን መጥቶ፣ ጽጌረዳዎቹ ለምን ቅጠላቸው እንደሚገረጣ ጠየቀ። እኔ ብሆን በሩን በዘጋሁበት። ባለቤቴ ግን አስቀምጣው፣ ክምሩን ከግንዱ ጋር አስጠግተው ስላፈሰሱት መሆኑን፣ አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አድርጎ ከደረቅ ቅጠል ጋር እንዲደባልቀው አስረዳችው። ይድናሉ ብላዋለች፣ አይሥጉ። ስለ ሾፌሩ እግር ግን ሐኪሞቹ እንደዚያ አላሉንም።