ዓሣዬን መርምረው ልጄን ለመለሱት ኃላፊ

ለተከበሩ የውሃ ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ከነቤተሰብዎ ጤናውን ያብዛልዎ። እኔ በሐይቁ ዳር ሃያ ዓመት መረብ ስጥል የኖርኩ ዓሣ አስጋሪ ነኝ፤ ከቅናት በቀር ሕመም የለብኝም። የቀናሁትም በወንበርዎ እንዳይመስልዎ፤ በገዛ እጄ አጥምጄ ለምርመራ ባስረከብኩልዎ ዓሣ ነው።

አንደኛ፣ ዓሣዋ ሰኞ ገብታ ዓርብ ውጤቷ ደረሰላት። ከሐይቁ በላይ ያለው ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ወደ ሐይቁ በሚለቀው እርሳስ ሳቢያ መተንፈሻ ስንጥቧ መቁሰሉን፣ ጉበቷ ማበጡንና አከርካሪዋ መጉበጡን ሦስት ባለሙያዎች ፈርመው አረጋገጡላት። የእሷን ዘመዶች እየበላች ያደገችው የሰባት ዓመት ልጄ ግን እርሳስ ገብቶበት እንደሆነ ደሟን የሚያይላት አጥታ ይኸው አምስተኛ ወሯ።

ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያው የእርሳስ መመርመሪያ መሣሪያው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው ብሎ ቢልከን፣ በመስኮቱ ያሉት እመቤት መሣሪያው ለዓሣ ብቻ የተመደበ መሆኑን በትሕትና አስረዱን። ልጅቷ ሰው ሆና መወለዷ የእኔና የእናቷ ጥፋት ስለሆነ አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

ሦስተኛ፣ ዓሣው እንዳይበላ የሚያዘውን ማስታወቂያ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው አስበው ከቢሮዎ ኮሪደር ስለለጠፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ሳናየው ሁለት ወር ሙሉ ስንበላ ከረምን።

አራተኛ፣ ዓሣ ግማቱ ካናቱ ሲባል እየሰሙ አናቱን አልፈው ጉበቱንና አከርካሪውን የመረመሩት ባለሙያዎችዎ ጨዋነት አስደንቆኛል።

ሪፖርቱ የታመመ ዓሣ እንደሚንቀጠቀጥና ምግቡን ማግኘት እንደሚሳነው ይናገራል። ይህን ሳነብ ልጄ አጠገቤ ፊደል ትጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶው ከእጇ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አንስቼ በሰጠኋት ቁጥር አባዬ፣ አውቄ አይደለም ትለኛለች። ያን ጊዜ በዚያች ዓሣ ቀናሁ፤ ወይ ጉድ፣ ሰው በሞተ ዓሣ ይቀናል? እኔ ከአንጀቴ ቀናሁ።

አክብሮቴን ሳላጓድል፣ በቅናት እያረርኩ፣ መልስዎን ደጅ የምጠና፣
የልጅቷ አባት፣ ዓሣ አስጋሪው

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሰኞ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ። መመሪያዎ ለምርመራ የሚመጣው ሁሉ ሞቶ፣ በበረዶ ታሽጎ ይቅረብ ይላል። ልጄ ገና በሕይወት ስላለች፣ ይህችን አንዲት መስፈርት ባለማሟላታችን ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።