ንግግሩ የተጻፈበት ፊልም

ጥቅምት 4
ቅዳሜ። የአንዲት ደንበኛዬን የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ጠርዙ ብቻ ቀረ። ከሰዓት እንደተለመደው ከባለቤቴ ጋር ሲኒማ ቤት። ጆሮዬ ከደከመ ይኸው አራት ዓመቱ... ተዋንያኑ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስሉኛል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባለቤቴ የሚሉትን በሚሻለው ጆሮዬ ያንሾካሹክልኛል። ዛሬ አንድ ሰውዬ ከኋላችን ብድግ ብሎ ጮኸ። እኔ እንኳ ሰማሁት!
«አንተ ወሬኛ ሽማግሌ! ቤትህ ሄደህ አታወራም?»
ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ሳያልቅ ወጣን።

ጥቅምት 11
አልሄድንም። «ራሴን አሞኛል» አልኩት። ውሸቴን ነው። እሱም ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

ጥቅምት 13
ከምሳ በኋላ ስፌት መኪናው ላይ ሸለብ አደረገኝ። በህልሜ የሲኒማውን ነጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የተዋንያኑን ንግግር በጥቁር ክር እጠልፋለሁ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እጠልፋለሁ። ክሩ አያልቅም... ስነቃ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ።
ግን ንግግሩ ፊልሙ ላይ ለምን አይጻፍም?

ጥቅምት 15
የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን። ልጄ ይሆናል በዕድሜ።
«እማማ፣ ጽሑፍ ሌላውን ተመልካች ይረብሻል።»
«እሺ፣ ድምፁን አጥፉትና አሥር ደቂቃ አብረን እንይ።»
ፊልም አጫዋቿ አጠፋችው። ባዶ አዳራሽ፣ እኔና እሱ። አንዲት ሴት እያለቀሰች አንድ ነገር ትለምናለች።
«ምን አለች?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።
«እኔን ትጠይቀኛለህ፣ ልጄ?»
ዓይኑን ወደ ሴትዮዋ መለሰ። አጫዋቿ ናት የገላገለችን፤ «ንግግሩ የተጻፈበት ቅጂ እኮ አለ። ጠያቂ ጠፍቶ ነው።»
ሥራ አስኪያጁ እሺ አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ለሙከራ።

ጥቅምት 22
ነገ ነው። ሰው ባይመጣስ?

ጥቅምት 23
መጡ! አንዲት መምህርት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቿን ይዛ፣ ሁለት ረድፍ ሙሉ። ከስክሪኑ በሚፈሰው ብርሃን እጆቻቸው ያወራሉ።
ጽሑፉ ንግግሩን ብቻ አይደለም የሚያመጣው። «ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል» ይላል። «በሩቅ ውሻ ይጮኻል» ይላል። በሩቅ ውሻ... ባለቤቴ ስለ ውሻ ነግሮኝ አያውቅም። ዝናቡ ልቤ ውስጥ ሲወርድ ተሰማኝ።
ልነግረው ዞርኩ። አፉን ከፍቶ ያያል። እንባው ጉንጩ ላይ። ለካ ለእኔ ሲያወራ፣ አራት ዓመት ሙሉ እሱም ፊልም አላየም...
ክንዱን ነካ አደረግኩት።
«ቆይ እስቲ፣ ልይበት!» አለኝ።